ማራገቢያዋ የጠፋች ቀን

አዋሽ ሰባት ውስጥ ከእኔ በላይ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው የለም። ዲግሪ ያለው አለ፣ መነጽር ያደረገ አለ፣ ላፕቶፕ በትከሻው አንግቶ የሚንጎራደድ አለ፤ ሲቸግራቸው ግን ሁሉም የሚመጡት እኔ ጋ ነው። ፍላሽ አልከፈት ሲል ሉሊት፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲያኝክ ሉሊት፣ ጉርድ ፎቶ ላይ ብጉሬን አጥፊልኝ ሲባል ሉሊት። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ከእንግሊዝኛ ጋርም ሰላምታ እንጂ ዝምድና የለንም። ግን ኮምፒውተር የሚፈልገው ድፍረት ነው። ድፍረት ሲታደል ደግሞ፣ እናቴ እንደምትለው፣ ሁለቴ ተሰልፌያለሁ።

የምሠራው የኸሊዳ ኢንተርኔት ቤት ነው፣ የጅቡቲ መንገድ ዳር። እቴ ኸሊዳ የቤቱ ባለቤት ናት። ወንድሟ ሰላሀዲን ደግሞ ሰመራ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ድሮ በሾፌሮቹ ፍላሽ የሚገባው ቫይረስ ማሽናችንን እየደጋገመ ይገድለው ነበር አሉ፤ ሰላሀዲን መጥቶ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ሊኑክስ የሚባለውን ጫነበት። ሬዲዮም ገጠመበት። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሬዲዮውም አብሮት ይነቃል፤ የአዲስ አበባን ዘፈን፣ የአዲስ አበባን ወሬ፣ የአዲስ አበባን የመንገድ መጨናነቅ ሳይቀር እየሰማን እንውላለን።

የሰላሀዲን ትልቁ ሥራ ግን ማራገቢያዋ ናት። ኢንተርኔት መኖሩን የምትናገረው ምልክት ማለቴ ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ቁጭ ስትል ሙቀት ሲጠናብን ፊታችንን የምናራግብባትን ማራገቢያ ቁርጥ ስለሆነች እንዲህ አልናት። ሌላ ቦታ ጉንዳን ነው የምታህለው። ሰላሀዲን ግን አሳድጎ አሳድጎ እንቁላል የምታክል አደረጋት፤ ስክሪኑንም ወደ መንገዱ አዞረው። ለምን? ተሳቢ የሚጎትት መኪና እንደ ባጃጅ ዝም ብሎ ቀጥ አይልም። ሾፌሩ ቦታ ፈልጎ፣ ጥግ ይዞ፣ ወርዶ፣ በዚያ ፀሐይ ተራምዶ መጥቶ «ኔትወርክ የለም» ሲባል የሚሰድበውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ስለዚህ ለምደውታል። ፍጥነት ይቀንሳሉ፣ አንገታቸውን በመስኮት ያወጣሉ፤ ማራገቢያዋ ካለች ይቆማሉ፣ ከሌለች ክላክስ አድርገው ያልፋሉ። ገብቶ የሚጠይቅ የለም። እኛም ብንሆን ከእሷ ሌላ ምስክር ጠርተን አናውቅም።

እቴ ኸሊዳ ሰመራ ላይ ሁለተኛ ቤት ልትከፍት አስባለች። የሚከራይ ቤት ልታይ ስትሄድ ሱቁን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ብቻ ተወችልኝ። ቁልፉን ስትሰጠኝ ቶሎ አልለቀቀችውም፤ እሷም ይዛ፣ እኔም ይዤ ነው ያወራነው።

«ስሚ ሉሊት። በደህና ከጠበቅሽኝ፣ እኔ ሰመራ ስገባ ይሄን ቤት የምትይዢው አንቺ ነሽ፤ ከፍተሽ የምትዘጊው አንቺ። ካበላሸሽው ግን ያ ከአዳማ ዲፕሎማ ይዞ የመጣው ልጅ ይገባበታል። ወላሂ ነው የምልሽ።»

«እቴ ኸሊዳ፣ እኔ ላይ ዲፕሎማ ታመጪብኛለሽ?»

«ዲፕሎማ ያለው ሰው የማያውቀውን አይነካም። አንቺ ትነኪያለሽ። ማሽኑ የሆነ ነገር ከጠየቀሽ እምቢ በይው።»

እሺ አልኩ። ስል ደግሞ ከልቤ ነበር። ችግሩ ማሽኑ በትህትና ጠየቀኝ።

ማምሻውን ልዘጋ ስል አንድ ሳጥን ስክሪኑ መሀል ብቅ አለ። ከጽሑፉ ውስጥ «አዲስ» የምትለውን ቃል አወቅኳት። አዲስ ነገር መጥቷል፣ ልቀይርልሽ ወይ ነው የሚለኝ። አዲስ ማን ይጠላል? እቴ ኸሊዳ ስትመለስ ኮምፒውተሯን አዲስ ሆኖ ብታገኘው ምን ትላለች? እሺ የሚለውን ተጫንኩ። ሥራውን ሲጀምር አይቼ፣ እንዳይጨናነቅ ብዬ ዘግቼለት ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሌሊቱን መብራት ሳይጠፋ አደረ። አዋሽ ላይ ይሄ ራሱ ተአምር ስለሆነ፣ ፈጣሪም ተስማምቶበታል ማለት ነው አልኩ።

ጠዋት ስከፍተው እንዴት አምሮ ጠበቀኝ መሰላችሁ! የጀርባው ሥዕል ሰማያዊ ባሕር ሆኗል፣ ፊደሉ ጠርቷል፣ ሬዲዮው እንደ ልማዱ ነቅቶ ዘፈኑን ለቆታል። ወገቤን ይዤ ሳደንቅ ቆየሁና ዓይኔ ወደ ጥጉ ሄደ።

ማራገቢያዋ የለችም።

ሰዓቱ አለ። ከሰዓቱ አጠገብ እሷ የነበረችበት ቦታ ግን ጥርስ የወለቀበት ድድ መስሏል።

አጥፍቼ አበራሁት። የለችም። ደግሜ አጥፍቼ፣ ትንሽ አሳርፌው፣ በስመ አብም ቢስሚላህም ብዬ አበራሁት፤ ሬዲዮው ተነሳ፣ እሷ አልተነሳችም። ስክሪኑን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት። የዋይፋዩን ሳጥን ከግድግዳው ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ስነቅለው ሬዲዮው ጭጭ አለ፤ ቆይቶ ቆይቶ ዘፈኑን ቀጠለ። እሱም ደንግጦ ነው መሰለኝ። የሳጥኑ መብራቶች አረንጓዴ እያሉ ይጠቅሱኛል።

«አንተ ደህና ነህ» አልኩት ሳጥኑን። «የታመመው እሱ ነው።»

ከዚያ መኪኖቹ መምጣት ጀመሩ። አንገት ይወጣል፣ ዓይን ወደ ጥጉ ይሄዳል፣ ክላክስ ይጮሃል፣ አለፈ። አንዱ ጭራሽ «ሉሊት፣ ዛሬስ ሞቃችሁ!» ብሎኝ ሄደ። በእግር የመጡትን ደግሞ እኔው ራሴ ከበር መለስኳቸው። መምህር ደግነት የሚባል የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ አለ፤ ኢሜይል ልይ ብሎ ገባ።

«የለም መምህር። ማራገቢያዋን አታያትም?»

ጎንበስ ብሎ ጥጉን አየና «እውነትሽን ነው» ብሎ ወጣ። የተማረ ሰው ሲያረጋግጥልኝ ልቤ ይበልጥ ተሰበረ።

ለሰላሀዲን መደወል ነበረብኝ። ግን እቴ ኸሊዳ ያረፈችው እሱ ቤት ነው። እንዳትሰማ እየጸለይኩ ደወልኩ።

«ሄሎ፣ ሉሊት?» አለች እቴ ኸሊዳ።

«እቴ ኸሊዳ! እንዴት አደርሽ? የሰመራ ሙቀት እንዴት ነው?»

«በሰላሀዲን ስልክ ደውለሽ ሙቀት ትጠይቂኛለሽ?»

«ያንቺ እምቢ ብሎኝ ነው።»

«የእኔ እጄ ላይ ነው ያለው፣ አልጮኸም። ምን ሆነሻል?»

«ምንም! ሰላም ነው። ሰው ሞልቷል።»

ቤቱ ውስጥ ከእኔና ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ አንድ እንሽላሊት በቀር ማንም አልነበረም።

«ሰው ሞልቶ ሬዲዮውን እንዲህ ታስጮኺዋለሽ? ጆሮዬን በጠሰው እኮ። ቀንሺው። ሰላሀዲን ስልኩን ረስቶ ሥራ ገብቷል፤ ለምሳ ሲመጣ ይደውልልሻል።»

«ኧረ ግድ የለም!» ብዬ ዘጋሁት። ሬዲዮውንም ቀነስኩት፤ ታዛዥ ነኝ።

ጋሽ ባንተይርጋ የመጣው ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ ነው። ጅቡቲ የሚመላለስ ሾፌር ነው፣ የቆየ ደንበኛችን። ሌላ ጊዜ ሲመጣ ሸሚዙ ከመኪናው እኩል ዘይት የጠጣ ነው። ያን ቀን ግን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ ገባ። ጥጉን እንኳ አላየም፤ ደስታ ዓይኑን ይዞት ነበር።

«ጋሽ ባንተይርጋ፣ ምነው፣ ሚዜ ነህ ዛሬ?»

«አባት ነኝ!» አለና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ልጄ ዛሬ ክርስትና ተነሳች፣ ኮምቦልቻ። እኔ ደግሞ ጭነት ይዞኝ እዚህ ቀረሁ። ውብነሽ የክርስትና ስሟን በስልክ ልትነግረኝ ስትል ዝም በይ አልኳት። ስሟን የምሰማው ፊቷን እያየሁ ነው፤ ያውም በትልቁ ስክሪን። እንግዳው ሳይበተን እደውላለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።»

ውብነሽ ሚስቱ ናት።

«በራስህ ስልክ ብታያትስ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ስልኬማ ዲቾቶ ከተማ ላይ ከጋቢና ወድቆ በገዛ ጎማዬ ሄድኩበት። ይሄው፣ ይቺን ተራ ስልክ ይዤ ቀረሁ።» የእኔም ስልክ ተራ ነው፤ እህቱ በለው። «ትናንት ለኸሊዳ ደውዬ ስነግራት፣ ሉሊት አለችልህ አለችኝ።»

ሉሊት አለችልህ! እሱ ፊቷን ሳያይ ከሄደ እቴ ኸሊዳ ማታውኑ ትሰማለች፤ ቁልፉም አዳማ ገባ ማለት ነው። ቀስ ብዬ ስክሪኑ ጥግ ላይ መዳፌን አሳረፍኩ።

«እጅሽን አንሺ እስቲ።»

አነሳሁ።

«ማራገቢያዋስ?»

«እ... ወጣ ብላለች።»

«ወጣ ብላ የት? ሻይ ልትጠጣ?»

«ትመለሳለች። አንተ ተቀመጥ።»

«አንቺ ልጅ፣ ኔትወርክ ከሌለ ንገሪኝና አዋሽ አርባ ሄጄ ሌላ ቤት ልፈልግ። እንግዳው ይበተንብኛል።»

«አዋሽ አርባ ማን አለ? ከእኔ የሚበልጥ ካለ ስሙን ጥራልኝ።» አፌ እንደዚህ ነው፤ እኔ ስፈራ እሱ አይፈራም። በዚህ መሀል የሬዲዮው ጋዜጠኛ በዚህች ሰዓት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ከባድ ዝናብ እየጣለ ነው ሲል ሰማሁና ዘለልኩ። «ሰማህ? ኮምቦልቻ እየዘነበ ነው! እንግዳው በዚህ ዝናብ የት ይሄዳል? ምሳቸውንም ይደግማሉ።»

ጋሽ ባንተይርጋ አሰብ አደረገና ፊቱ ፈካ። «እውነትሽን ነው። ይሄ ሬዲዮ ጥሩ ነገር ነው» አለ፤ እግሩንም ዘረጋ።

ስልኬ ጮኸ። ሰላሀዲን ነው። ወደ ጓዳ ገባሁ።

«አጠገብህ ናት?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ዙሁር እየሰገደች ነው። ምንድን ነው ነገሩ?»

«ማራገቢያዋ ጠፋች።»

«ምን ነካሽ?»

«ምንም አልነካሁም። እሺ ብቻ ነው ያልኩት።»

«ለማን?»

«ለአዲሱ።»

«ያ ረቢ!» ሲል ሰማሁ። «ሊኑክሱን አፕግሬድ አደረግሽው!»

«ያምራል እኮ፣ ብታየው። ባሕር አለው።»

«ኢንተርኔቱስ? ይሠራል?»

«ሰላሀዲን፣ ማራገቢያዋ የለችም እያልኩህ! ማራገቢያ ሳይኖር እንዴት ይሠራል?»

«እሺ፣ እሺ፣ አትጩኺ። እዚያ ታች ያለው መስመር ላይ ምልክቶቹ የሚቀመጡበት ማኅደር ነገር አለ፤ አፕግሬዱ እሱን ጥሎት ይሆናል። መልሰሽ መጨመር ነው። መስመሩ ላይ በቀኝ ተጫኚ።»

ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ሰክቼ ወደ ኮምፒውተሩ ሮጥኩ።

«በቀኝ እጄ ነው?»

«በማውሱ ቀኝ! ዝርዝር ሲመጣልሽ ፓነል የሚለውን፣ ከዚያ አዲስ ጨምሪ የሚለውን። ብዙ ነገር የተደረደረበት መስኮት ይከፈታል።»

«ተከፈተ! ኧረ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? የትኛውን ነው የምጨምረው?»

«በኤስ ከሚጀምሩት ውስጥ ነው፣ ስሙ... ሰግዳ ጨረሰች፣ መጣች» አለና ዘጋብኝ።

ብቻዬን ቀረሁ። ብቻዬን እንኳ አይደለሁም፤ ጋሽ ባንተይርጋ ወንበሩን ስቦ ጎኔ ተቀምጧል። ኤስ ሄዶ ሄዶ ታች ነው፤ እኔ ደግሞ ከላይ ያሉትን ሳላያቸው ማለፍ አልወድም። አንዱን ጨመርኩ፤ ሁለተኛ ሰዓት መጣ። ሌላ ጨመርኩ፤ የቆሻሻ ቅርጫት። ሦስተኛ ስጨምር መስመሩ ላይ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ተፈጠሩ። ማውሱን ወደ ግራ ሳደርግ ወደ ግራ ያያሉ፣ ወደ ቀኝ ሳደርግ ወደ ቀኝ።

«ምን እያዩ ነው እነዚህ?» አለ ጋሽ ባንተይርጋ ወንበሩን ወደ ኋላ እየገፋ።

«ማውሱን።»

«የትራፊክ ዓይን ይመስላሉ። እኔን ነው የሚያዩት እንጂ!»

«ጥፋት ከሌለብህ ምን አስፈራህ?»

ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ ግን ተራ ስልኩን አወጣና አየ፤ የጠቋቆረ ጣቱ ቁልፎቹ ላይ ተንከራተተ። «ደውዬ ስሟን ብቻ ልስማ መሰለኝ» አለ። ድምፁ ወረደ። «ፊቷን ሌላ ቀን አያለሁ።»

«አትደውል!» አልኩት። እጁን በእጄ ያዝኩት፤ ይሄን ያህል ደፍሬ አላውቅም። «አንዴ ብቻ ታገሰኝ።»

ወደ ኤስ ወረድኩ። የመጀመሪያውን ጨመርኩ፤ ምንም። ሁለተኛውን ጨመርኩ። መስመሩ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ሰዓቶቹ ገለል አሉ፣ ከዓይኖቹ አጠገብ ማራገቢያዋ ዱብ አለች። እንቁላል አክላ፣ ነጭ ሆና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«መጣች!» ብዬ ጮኽኩ። በሩ ላይ የሚያልፍ ባለ ባጃጅ ሳይቀር ዞሮ አየ። ጋሽ ባንተይርጋ ተነስቶ ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከተተ፣ ፀጉሩን ዳሰሰ፣ መልሶ ተቀመጠ።

ደወልንላት። ጠርቶ ሳይጨርስ ውብነሽ አነሳች። ስክሪኑ ሞላ፤ ነጠላዋ፣ ከኋላዋ ብርጭቆ የያዙ ሰዎች፣ ጣሪያውን የሚያንኳኳው ዝናብ። ሬዲዮው እውነቱን ነበር። ከዚያ ካሜራውን ዝቅ አደረገችው። ሕፃኗ በነጭ ተጠቅልላ፣ አፏን ከፍታ፣ የዓለም ጭንቅ ሳይነካት ተኝታለች።

«ወለተ ኪዳን» አለች ውብነሽ። «ስሟ ወለተ ኪዳን ነው።»

ጋሽ ባንተይርጋ ስሙን ድምፅ ሳያወጣ በከንፈሩ አለው። ከዚያ ጮክ ብሎ አለው። ከዚያ መዳፉን ጉንጯ ላይ፣ ማለቴ ስክሪኑ ላይ፣ አሳረፈ። ገና ጠዋት ነው የወለወልኩት፣ የእጁም ዘይት ቀረበት፤ ግን ምንም አላልኩትም። ውብነሽ «ሸሚዙን ማን ተኮሰልህ?» ብላ ስትጠይቅ «ራሴ» አለና፣ በዚያ ማዶ ያሉት ሴቶች ሁሉ እልል አሉ። ለሸሚዙ ይሁን ለልጅቷ አልገባኝም።

ሲወጣ አናቴን ዳበሰኝ። «ጠፍቶ የነበረ ኔትወርክ ያመጣሽ ጀግና ነሽ! ለኸሊዳ እነግራታለሁ።»

«ንገራት!» አልኩት። እኔ ደግሞ ምስጋና ሲመጣ በር አልዘጋም። ከእሱ በኋላ መኪና ሁሉ ይቆም ጀመር፤ እስከ ማምሻው ወንበር አልበቃ አለ። ዓይኖቹንም አላነሳኋቸውም፣ ሾፌሮቹ ወደዷቸው።

እቴ ኸሊዳ በማግስቱ ከሰመራው አውቶቡስ ወርዳ፣ አቧራዋን ሳታራግፍ መጣች። መጀመሪያ ማራገቢያዋን አየች። ከዚያ ዓይኖቹን።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ዘበኛ።»

«ማሽኑ ጠየቀሽ፣ አንቺም እሺ አልሽው።»

«በትህትና እኮ ነው የጠየቀኝ፣ እቴ ኸሊዳ።»

ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ሳቋ አመለጣት። «ባንተይርጋ በየደረሰበት ስምሽን እየጠራ ነው። ሰመራ ላይ ቆሞ ሊያየኝ መጥቶ፣ ሉሊት ኔትወርክ ፈጠረች አለኝ።» ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ተቀብላ አየችውና መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ቤቱን ተከራይቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። እንዲህ ሰው ደስ አሰኝተሽ የምትልኪ ከሆነ፣ ይሄ እዚሁ ይቆይ።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ጥሩ ነበር። ግን ቁልፉ እጄ ላይ ሲያርፍ አፌም ተከፈተ። እንዴት ከማለዳ ጀምሮ አዋሽን ያለ ኔትወርክ አይቼ እንዳልተረበሽኩ፣ ሰላሀዲን መሀል መንገድ ላይ ጥሎኝ እንዴት ብቻዬን እንደተወጣሁት፣ ዲፕሎማ ያለው ልጅ ቢሆን እንዴት እንደሚያለቅስ አንድ በአንድ ነገርኳት። እሷ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ።

«ቆይ፣» አለች፣ «በሰላሀዲን ስልክ ስትደውዪልኝ ሬዲዮው ይጮህ ነበር።»

«አዎ፣ ቀንሺ አልሽኝ፣ ቀነስኩት።»

«ቀኑን ሙሉ ይጮህ ነበር?»

«ቀኑን ሙሉ! እሱማ መቼ አስቸግሮኝ ያውቃል?»

«ይሄ ሬዲዮ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከአዲስ አበባ።»

«በምን?»

«በአየር ነዋ፣ እንደ ማንኛውም ሬዲዮ።»

«የአዲስ አበባ ኤፍ ኤም አዋሽ ላይ በአየር ተይዞልሽ ያውቃል?»

ሬዲዮው አጠገቤ ይዘፍናል። የዋይፋዩን ሳጥን ስነቅል ጭጭ ያለው፣ ስሰካው የቀጠለው ትዝ አለኝ። መምህር ደግነትም ትዝ አለኝ። በበሩ ያለፈው መኪና ሁሉ፣ ክላክሱ ሁሉ። ማውሱን የያዘው እጄ ወደ ደረቴ ሲሸሽ ሁለቱ ዓይኖች ተከትለውኝ ዞሩ።

«ታዲያ፣» አልኩ፣ «ማራገቢያዋን ማን አመጣት?»

«ማራገቢያዋን አንቺ አመጣሽ። ኔትወርኩ የትም አልሄደም ነበር» አለችና ቦርሳዋን አነሳች። «ከነገ ጀምሮ እሷ ብትጠፋ፣ ሬዲዮው እስከዘፈነ ድረስ አፍሽን ዝጊና ሰው አስገቢ።»